ኦንላይን ካታሎጉን ማን ይያዘው? ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አምስት የሰው ኃይል አማራጮች ሲነጻጸሩ

ዩኒቨርሲቲ አዲስ ካታሎግ ሲያስገባ ስብሰባው ሁሉ በሶፍትዌሩ ላይ ያልቃል። ኮሃ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ይሁን? ቩፋይንድ የሚባለው የፍለጋ ገጽ ይጨመርበት? ሰርቨሩ ምን ያህል ሜሞሪ ይኑረው? ሶፍትዌሩ ይመረጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ሲስተሙን በየቀኑ የሚይዘው ማን ነው የሚለው ግን በቃለ ጉባኤው ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ያገኛል፦ «የሚመለከታቸው ክፍሎች በጋራ ይሠራሉ»። በጋራ የሚሠራ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

እዚህ ስለ ሶፍትዌር ምርጫ አላወራም። ሶፍትዌሩን መርጣችኋል ብዬ ልነሳ። የቀረው የሰው ጥያቄ ነው፦ አይሲቲ ይያዘው? ያሉት ላይብረሪያኖች? አዲስ ሰው ይቀጠር? በውል ለድርጅት ይሰጥ? ወይስ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በጋራ? መነሻዬ የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። የግል ኮሌጅ ከሆናችሁ ቅጥሩ ይቀልላችኋል፤ ሌላው ያው ነው።

ሰው ከመመደብ በፊት ሥራውን መክፈል

ካታሎግ መያዝ አንድ ሥራ ይመስላል። ሲፈተሽ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው የማሽን ሥራ ነው። ሰርቨሩ ይነሳ፣ ባክአፕ ይያዝ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ይጀምር። አፕዴትም አለ። ኮሃ በዓመት ሁለት ትልልቅ ቨርዥን ያወጣል፤ በፈረንጆቹ ሜይ እና ኖቬምበር። ቁጥሩ ራሱ ጊዜውን ይናገራል፤ 24.05 ማለት የ2024 ሜይ ነው። በየወሩ ደግሞ የጥገና ቨርዥን ይወጣል። ሁለት ዓመት ሳይነካ የቆየ ሲስተም ቀዳዳዎቹን እንደያዘ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሁለተኛው የሪከርድ ሥራ ነው። ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ ርዕሰ ጉዳዩን፣ ኮል ነምበሩን (የመደርደሪያ ቁጥሩን) ማርክ 21 በሚባለው የካታሎግ መዝገብ ቅርጽ መመዝገብ። ሲዲኤስ አይሲስ ከሚባለው የድሮ ፕሮግራም ወይም ከኤክሴል የመጣውን ዝርክርክ ማጽዳት። ይህን ላይብረሪያኖቻችን ያውቁታል። በካርድ ዘመንም ሲሠሩት ኖረዋል።

ሦስተኛው በሁለቱ መሐል ያለው ነው፤ የፍለጋ ሥራ። ባለቤት የማያገኘውም እሱ ነው። በኮሃ መረጃው የሚቀመጠው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ፍለጋው ግን የሚሄደው ዜብራ ወይም ኢላስቲክሰርች ወደሚባል ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ነው። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዳታቤዙ ተነስቶ፣ ኢንዴክሱን የሚያድሰው ፕሮግራም ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። ያኔ ካታሎገሯ አዲስ መጽሐፍ ታስገባለች፤ ሲስተሙም ይቀበላታል። ተማሪው ሲፈልግ ግን የለም። አይሲቲ ሰርቨሩን ያይና «ይሠራል» ይላል። ካታሎገሯ ሪከርዱን ትከፍትና «አለ» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ተማሪው ግን ኦፓኩን (ተማሪው የሚፈልግበትን የካታሎግ ገጽ) ትቶ መደርደሪያ ለመደርደሪያ መዞር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኦፓኩ አይመለስም።

የእኛ ፍለጋ ለምን ይከብዳል

ይህን መሐለኛ ሥራ ለእኛ ከሌላው ዓለም የበለጠ የሚያከብደው ቋንቋችን ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ውሰዱ። መነሻው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ስድስት። «ሥ» በ«ስ» ይጻፋል። «ሴ» በ«ሤ» ይጻፋል። ሁለቱ ቃላት ተያይዘውም ተለያይተውም ይገኛሉ። ሲባዛ 48 አጻጻፍ ይወጣል። ካታሎገሩ አንዱን ጽፏል፣ ተማሪው ሌላውን ይጽፋል። ለሶፍትዌሩ 48 የተለያዩ ስሞች ናቸው።

መፍትሔው አለ፤ ያን ያህልም አያስቸግርም። ዜብራ አይሲዩ የሚባል የሕግ ፋይል አለው። ኢላስቲክሰርችም ሆነ ቩፋይንድ የሚጠቀምበት ሶለር ፊደል ለፊደል የሚያመሳስል ዝርዝር ይቀበላሉ። «ሐን እና ኀን እንደ ሀ ቁጠር» ብሎ መጻፍ ነው። ከዚያ ኢንዴክሱን እንደገና መገንባት። ግን ማን ይጻፈው? አይሲቲው ፋይሉ የት እንዳለ ያውቃል። የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል የሚወስነው ግን እሱ አይደለም። ለአማርኛ የሚሠራው ሕግ ለትግርኛ ስህተት ነው፤ በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ የተለያዩ ድምፆች ናቸው። በአፋን ኦሮሞ ደግሞ ችግሩ ሁድሃ የሚባለው የጭረት (') ምልክት ነው። ቃሉን መሐል ላይ ይቆርጠዋል፤ ኪቦርዶችም በተለያየ ዓይነት ጭረት ይጽፉታል። መቀሌ፣ ጅማና ጎንደር አንድ ዓይነት ፋይል ሊጠቀሙ አይችሉም።

በዚህ ላይ ቅድመ ቅጥያው አለ። «ኢትዮጵያ» ብሎ የጻፈ ተማሪ «የኢትዮጵያ» ወይም «በኢትዮጵያ» የሚል ርዕስ አይመጣለትም። ቃሉን ከመጨረሻው ማሳጠር ሶፍትዌሩ ይችልበታል። ከፊቱ መላጥ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የኛ ስም አባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። የካታሎግ ደንቡም ይህን ያውቃል፤ የኢትዮጵያዊ ደራሲ መግቢያ በራሱ ስም ነው። ከኤክሴል በጅምላ ሲገባ ግን «አበበ ከበደ» ተገልብጦ «ከበደ፣ አበበ» ይሆንና አንድ ደራሲ ለሁለት ይከፈላል። የዘመን አቆጣጠሩም አለ። 2012 ዓ.ም. ተብሎ የታተመ ጥናት «አዲሱ ይቅደም» ሲባል ከ2019ኙ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ኋላ ይሄዳል፤ ሁለቱ ግን እኩል ዕድሜ ናቸው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለማስፈራራት አይደለም። ከታች ያሉትን አማራጮች ስታዩ «ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል?» እያላችሁ እንድትለኩ ነው።

መስፈርቶቹ፣ እንደ ክብደታቸው

*ሰው ሲለቅ ምን ይቀራል?* በእኔ ሚዛን አንደኛው ይህ ነው። ጎበዝ የአይቲ ልጅ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወደ ባንክ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ጥያቄው የይለፍ ቃሉ፣ የባክአፑ ቦታና የሕግ ፋይሉ አብረውት ይሄዳሉ ወይ ነው።

*ማን ያዛል?* ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ካታሎጉ ቢቆም የሚደወልለት ሰው ሰርቨሩን ራሱ መንካት ይችላል? ወይስ ደብዳቤ ይጽፋል?

*የሪከርዱንና የፍለጋውን ሥራ ያውቃል?* ከላይ ያየነው ነው።

*ወጪው ከየት ይወጣል?* ደመወዝ፣ ሥራ ማስኬጃ እና ዶላር ሦስት የተለያዩ በሮች ናቸው። ርካሽ የሚመስለው አማራጭ በማይከፈት በር የሚያልፍ ከሆነ ርካሽ አይደለም።

*ቁልፉ በማን እጅ ነው?* ሙሉው መረጃ፣ የዶሜይኑ ስም፣ የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል። እነዚህ ከዩኒቨርሲቲው እጅ ከወጡ ሌላው መስፈርት ሁሉ ዋጋ የለውም።

አማራጭ 1፦ ለአይሲቲ ዳይሬክቶሬት መስጠት

አመራሩ መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው፤ ምክንያትም አለው። ሰርቨር ክፍሉ፣ ጄኔሬተሩ፣ ኔትወርኩ እነሱ ጋ ነው። ኮሃ የሚሠራው በሊነክስ ላይ ነው፤ ሊነክስ የሚችል ሰው ደግሞ አይሲቲ ውስጥ ይገኛል። አዲስ የሥራ መደብ አይጠይቅም። ተጨማሪ በጀትም አይጠይቅም።

ድካሙ ወረፋው ነው። አይሲቲ የሬጅስትራሩን ሲስተም ይይዛል፣ ኢሜይሉን ይይዛል፣ የካምፓሱን ኢንተርኔት ይይዛል። በምዝገባ ሳምንት የሬጅስትራሩ ሲስተም ሲንቀራፈፍ ፕሬዚዳንቱ ይደውላሉ። ካታሎጉ ሲቆም የሚደውለው የሰርኩሌሽን (የመጽሐፍ ማዋሻ) ሠራተኛ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚሰማ ግልጽ ነው።

የሪከርድ እውቀቱ ደግሞ የለም። «ፍለጋው አይሠራም» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው ገጹ ይከፈት እንደሆነ ያያሉ። ከተከፈተ ጉዳዩ ተዘጋ። ስለዚህ አይሲቲ ለማሽኑ ሥራ እጅግ ጥሩ ነው። ሁሉንም ለእሱ መስጠት ግን ሦስተኛውን ሥራ መሰረዝ ነው። የምትሰጧቸው ከሆነ ቢያንስ በአንድ ገጽ ተፈራረሙ፦ ባክአፕ በየስንት ጊዜ፣ ተመልሶ ይነሳ እንደሆነ መቼ ይሞከራል፣ ሲቆም በስንት ሰዓት ውስጥ። ተመልሶ መነሳቱ ያልተሞከረ ባክአፕ እንደ ባክአፕ አይቆጠርም።

አማራጭ 2፦ ያሉትን ላይብረሪያኖች አሠልጥኖ መመደብ

ይህ አማራጭ ከሚገባው በታች ነው የሚታየው። «ላይብረሪያን ቴክኖሎጂ አይችልም» የሚል አጉል አመለካከት አለ። የኮሃን የዕለት ሥራ ግን አብዛኛውን ያለ ፕሮግራሚንግ ከአስተዳዳሪው ገጽ ላይ መሥራት ይቻላል። የውሰት ሕግ፣ የዕቃ ዓይነት፣ የቅርንጫፍ ስም፣ የኦፓኩ ገጽታ ሁሉም እዚያ ነው። ሪፖርቱ ኤስኪውኤል የሚባለውን የዳታቤዝ ቋንቋ ይጠይቃል፤ እሱም ቢሆን መነሻው በአጭር ጊዜ ይለመዳል። ማርክን የሚያውቅ ሰው ለኤስኪውኤል አዲስ አይደለም፤ በሜዳና በሜዳ ማሰብ ለምዷል።

ትልቁ ጥቅም መቆየታቸው ነው። ቤተሰብ አላቸው፣ ከተማው ውስጥ ኖረዋል፣ ባንክ አይነጥቃቸውም። ስብስቡን ያውቁታል። የትኛው ዲፓርትመንት በምን ስም እንደሚፈልግ ያውቃሉ። የፊደሉን ሕግ ማን ይጻፈው ካላችሁ፣ አጠገቡ አንድ የአይሲቲ ሰው ተቀምጦ፣ እነሱ ናቸው።

የሚበላሸው በሥልጠናው ነው። አምስት ቀን ሆቴል ውስጥ፣ አበል፣ ሰርተፊኬት፣ ከዚያ ወደ ሰርኩሌሽን ዴስክ መመለስ። በወሩ የይለፍ ቃሉም ተረስቷል። ሥልጠናው የሚሠራው ሰውየው ከዴስክ ሺፍት ሲወጣና ጊዜው በደብዳቤ ሲሰጠው ነው። «በትርፍ ጊዜህ ሥራ» ከተባለ አማራጭ 2 ወድቋል።

ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ለእነሱ መተው ግን አልመክርም። ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ሊነክስ ሰርቨር ሲያስቸግር ብቻቸውን መሆን የለባቸውም።

አማራጭ 3፦ ሲስተም ላይብረሪያን መቅጠር

ሁለቱን ዓለም የሚያውቅ አንድ ሰው። ሪከርድ ያነባል፣ ሰርቨር ውስጥም ይገባል። አገር ውስጥ ለዚህ ቅርብ የሆነ ትምህርት አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ጅማን የመሳሰሉ ተቋማት ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ያስተምራሉ። ከዚያ የሚወጡ ልጆች ዳታቤዝም ካታሎግም ቀምሰዋል።

በዓለም ላይ ይህ መንገድ ምን እንደሚያመጣ ማየት ከፈለጋችሁ ቩፋይንድን እዩ። ያወጣው ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ አይደለም። አሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሚገኘው የቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚሠሩ ባለሙያዎች ስለነበሩት ለራሱ የሠራውን ሌላው ዓለም ወሰደው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ባለሙያው የሚቀመጠው ተማሪው ሲፈልግ ከሚያይበት ቦታ ነው።

እኛ ጋ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ መዋቅሩ ነው። «ሲስተም ላይብረሪያን» የሚል መደብ በብዙ ዩኒቨርሲቲ መዋቅር ላይ የለም። መደብ ማስፈቀድ ጊዜ ይወስዳል። አንዳንዱ ተቋም በላይብረሪያን መደብ ቀጥሮ የአይቲ ሥራ ያሠራል፤ ደሞዙ አነስተኛ ስለሆነ ሰውየው አይቆይም። አንዳንዱ በአይሲቲ መደብ ይቀጥርና ቢሮውን ቤተ መጻሕፍት ያደርጋል። ከሁለቱ የኋለኛው ይሻላል፤ ተጠሪነቱ ለቤተ መጻሕፍቱ መሆኑ በጽሑፍ እስከሰፈረ ድረስ። ካልሰፈረ በምዝገባ ሳምንት ይወስዱባችኋል።

ሁለተኛው አደጋ አንድ ሰው መሆኑ ነው። ሁሉም እውቀት በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ይከማቻል። የወሊድ ፈቃድ፣ ሕመም፣ የትምህርት ዕድል፣ የተሻለ ሥራ፤ ከአራቱ አንዱ ይመጣል። ስለዚህ ሲስተም ላይብረሪያን ስትቀጥሩ ምክትሉን ከነባሮቹ መካከል በዚያው ቀን ሰይሙ። በየወሩ አንድ ቀን ዋናው እጁን አጣጥፎ ምክትሉ ብቻውን ይሥራ።

አማራጭ 4፦ በውል ለድርጅት መስጠት

ይህን ሳስብ የኮሃ አነሳስ ትዝ ይለኛል። በፈረንጆቹ 1999 ኒውዚላንድ ውስጥ ሆሮዌኑዋ የሚባል የአካባቢ ቤተ መጻሕፍት ተቋም ነበር። የድሮ ሲስተሙ የፈረንጆቹን 2000 የሚሻገር አልሆነም። ካቲፖ ለሚባል ኩባንያ ሥራውን በውል ሰጠ። በ2000 መጀመሪያ አዲሱ ሲስተም፣ ኮሃ፣ ሥራ ጀመረ። ዋናው ነገር ኮዱ በነፃ ፈቃድ መለቀቁ ነው። ኩባንያው ነገ ቢዘጋ ሌላ ሰው ያነሳዋል። ቤተ መጻሕፍቱ በውል ሠራ እንጂ ታስሮ አልቀረም።

እኛም በውል ብንሠራ ችግር የለም፤ ችግሩ ውሉ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ውሉ «ተከላና ሥልጠና» ይልና ያበቃል። ሰርቨሩ ተተክሏል፣ ሥልጠናው ተሰጥቷል፣ ክፍያው ተፈጽሟል፤ ፍለጋው አይሠራም። መጻፍ ያለበት ውጤቱ ነው። ለምሳሌ፦ «በሚሰጣችሁ የ100 ቃላት ዝርዝር ሲፈለግ፣ ፊደሉ በየትኛውም አጻጻፍ ቢጻፍ ትክክለኛው መጽሐፍ ይመጣል»። ሙሉው መረጃ በማርክ ፋይልና በዳታቤዝ ቅጂ በየሦስት ወሩ ይሰጣችሁ። የይለፍ ቃሉ ታሽጎ ዳይሬክተሩ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።

ጊዜውንም ተጠንቀቁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የድጋፍ ውላችሁም በዚያው ቀን ካለቀና አዲሱ ጨረታ ከዘገየ፣ ተማሪ በሚመለስበት ሰሞን ድጋፍ የላችሁም። የውሉ ማብቂያ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ቢውል ይሻላል።

የውጭ ድርጅት ሲሆን ክፍያው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰናል፤ ብር ከዚያ ወዲህ ብዙ ወርዷል። በዶላር የገባችሁበት ዓመታዊ ክፍያ በብር ሲመነዘር የዛሬ ዓመት ስንት እንደሚሆን ማንም አይነግራችሁም። ውጭ አገር የተቀመጠ ሰርቨር ሌላም ነገር አለው። የካምፓሱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተቀመጠ ተማሪም መፈለግ አይችልም። ካምፓስ ውስጥ ያለ ሰርቨር ቢያንስ በውስጥ ኔትወርክ ይሠራል። የተማሪው ስምና የተዋሰው መጽሐፍ ዝርዝር ደግሞ የግል መረጃ ነው። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሕግ ክፍሉ ይየው።

አማራጭ 5፦ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በጋራ

ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ባለበት አገር በአንድ ቋንቋ የሚሠሩት ሁሉ ለየብቻቸው ያንኑ የፊደል ሕግ መጻፋቸው ያሳዝናል። በሐሳብ ደረጃ ይህ ምርጡ አማራጭ ነው። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ኦሃዮሊንክ የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ አንድ የጋራ ካታሎግ ይዟል። የአንዱ ተማሪ የሌላውን መጽሐፍ አይቶ ያዛል። እኛም ጋ ዩኒቨርሲቲዎችን በኔትወርክ የሚያገናኘው ኤተርኔት የተባለው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ አለ። የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኅብረትም አለ። መሠረቱ የለም ማለት አይቻልም።

ግን በዚህ ዓመት ካታሎግ ለማስጀመር የምትጠብቁት አማራጭ አይደለም። ማን ይቀጥራል፣ ሰውየው ለማን ይታዘዛል፣ የማን ችግር ይቀድማል የሚለው እስኪስማማ ዓመት ይሄዳል። ሙሉው እስኪመጣ ግን ቁራጩን መጀመር ይቻላል። የሕግ ፋይሉን ተለዋወጡ። የደራሲ ስም ዝርዝሩን ተለዋወጡ። ለዚህ ስምምነት መፈራረም እንኳ አያስፈልግም፤ የሦስት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሉበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል።

ስለ ተማሪና ስለ በጎ ፈቃደኛም ልበል። የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተማሪዎች ለአፓረንትሺፕ ሲመጡ ሪከርድ ማጽዳት ላይ ጥሩ ጉልበት ናቸው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ወዳጅ ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ትልቅ ነገር ሊያስተካክል ይችላል። ሁለቱም ደስ ይላሉ። ሁለቱንም የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል አትስጧቸው። ወዳጅነቱ እንዲቀጥል ስትፈልጉም ጭምር።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ሰው ሲለቅ | ሲቆም ፍጥነቱ | የሪከርድና የፍለጋ እውቀት | ወጪው | ቁልፉ |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. አይሲቲ | መካከለኛ፤ ሰው ይተካል፣ ፍላጎት ግን አይተካም | ለማሽን ፈጣን፣ ለፍለጋ ቀርፋፋ | ደካማ | አዲስ ወጪ የለም | ዩኒቨርሲቲው ውስጥ |
| 2. ነባር ላይብረሪያኖች | ጠንካራ | በማሽን በኩል ደካማ | ጠንካራ | ሥልጠናና የሺፍት ጊዜ | ዩኒቨርሲቲው ውስጥ |
| 3. ሲስተም ላይብረሪያን | ብቻውን ከሆነ ደካማ፣ ከምክትል ጋር ጥሩ | ፈጣን | ጠንካራ | ደመወዝ፣ አዲስ መደብ | ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ |
| 4. በውል | እንደ ውሉ | እንደ ውሉ | ለአማርኛ ብዙ ጊዜ ደካማ | ሥራ ማስኬጃ፤ የውጭ ከሆነ ዶላር | በውሉ ካልተጻፈ አደገኛ |
| 5. በጋራ | በጣም ጠንካራ | መጀመሪያ ላይ ቀርፋፋ | በጣም ጠንካራ ሊሆን ይችላል | የተከፋፈለ | ስምምነት ይጠይቃል |

ለማን የትኛው?

*አንድ ካምፓስ፣ ትንሽ ስብስብ፣ ተጨማሪ በጀት የለም።* 2ን ከ1 ጋር አጣምሩ። ማሽኑ ለአይሲቲ፣ ሌላው ሁሉ ለሁለት ላይብረሪያን። ከሁለቱ አንዱ ግማሽ ጊዜው ከዴስክ ነፃ ይሁን። ቩፋይንድን አሁን አትንኩት። የኮሃ የራሱ ኦፓክ ይበቃችኋል፤ ሁለተኛ ሲስተም ማለት ሁለተኛ አፕዴት፣ ሁለተኛ ኢንዴክስ ማለት ነው።

*ብዙ ካምፓስ፣ የተበታተነ ስብስብ።* 3 ግድ ነው። ካምፓሶቹ በተለያየ መንገድ መዝግበዋል፤ አንድ የሚያስማማ ሰው ያስፈልጋል። በእኔ ግምት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሙሉ ጊዜውን የሪከርድ ማስታረቅ ይበላዋል። በየካምፓሱ አንድ ተጠሪ ላይብረሪያን ይሰየም። ማሽኑ አሁንም አይሲቲ ጋ ይሁን።

*ካታሎጉ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ማከማቻም ያለው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ።* መጽሐፉ ኮሃ ውስጥ፣ ጥናቱ ዲስፔስ በሚባለው የማከማቻ ሶፍትዌር ውስጥ ከሆነ አንድ የፍለጋ ሳጥን መፈለጋችሁ አይቀርም። ቩፋይንድ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ነው። ያኔ አንድ ሰው አይበቃም። ሲስተም ላይብረሪያን፣ አንድ የሜታዳታ ካታሎገር፣ ከአይሲቲ በስም የተመደበ አንድ ሰው። ከሦስቱ ማስቀረት ካለባችሁ ካታሎገሯን አታስቀሩ። ሁለት ማከማቻ ሲቀላቀል ቆሻሻውም ይቀላቀላል።

*የፕሮጀክት ገንዘብ ያገኛችሁ።* ገንዘቡ ያልቃል፤ ስለዚህ ደመወዝ ላይ አታውሉት። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሚያልቀው ሥራ በ4 ተጠቀሙበት፦ የድሮውን መረጃ ማዛወር፣ ሰርቨር ማዘጋጀት፣ የፊደል ሕጉን ማስገባት። ከውሉ ጎን ለጎን የእናንተ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይሥራ።

*አይሲቲያችሁ በሰው እጥረት የተዳከመ፣ መብራቱም የማያስተማምን።* በውል፣ ከተቻለ አገር ውስጥ ያለ ሰርቨር። ሆኖም የፍለጋው ባለቤት የእናንተው ላይብረሪያን ይሁን።

መደቡ ላይ ምን ይጻፍ፣ ቃለ መጠይቁ እንዴት ይሁን

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የመደብ ጥያቄያችሁ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ካልገባ አንድ ዓመት ሙሉ ትጠብቃላችሁ። በሥራ መዘርዝሩ ላይ «ሲስተሙን ያስተዳድራል» ብላችሁ አትለፉት። «በየሳምንቱ የኢንዴክሱን ጤንነት ይፈትሻል፤ ውጤት ያላመጡ ፍለጋዎችን ዝርዝር ያያል፤ የፊደል ሕጉን ያሻሽላል፤ ባክአፑ ተመልሶ መነሳቱን በሩብ ዓመት አንዴ ይሞክራል» በሉ። ውጤት ያላመጡ ፍለጋዎች ዝርዝር በተለይ ወርቅ ነው። ተማሪው ምን ብሎ እንደጻፈ፣ ካታሎጉ ምን ብሎ እንዳልሰማው በቀጥታ ያሳያል።

ለቃለ መጠይቁ ዲግሪውን ብቻ አትጠይቁ። ላፕቶፕ አቅርቡ፤ ሃምሳ ያህል ሪከርድ ያለበት የሙከራ ኮሃ ይጫንበት። ሦስት ነገር አበላሹ፦ አንድ የደራሲ ስም ገልብጡ፣ አንድ ርዕስ በ«ሠ» ጻፉ፣ ኢንዴክስ አዳሹን አጥፉት። ከዚያ «እነዚህ ሦስት መጻሕፍት አልተገኙም፤ ለምን እንደሆነ እያወራህ ፈልግ» በሉት። ጥሩ የኮምፒውተር ልጅ ሦስተኛውን በደቂቃዎች ያገኛል። ጥሩ ካታሎገር የመጀመሪያውን። ሁለተኛው ላይ ደርሶ «ይሄ ሪከርዱን በማስተካከል ብቻ አይፈታም፣ ሕጉ ውስጥ መግባት አለበት» የሚል ሰው ከመጣ ስሙን በዝርዝሩ አናት ላይ ጻፉት።